ማን አረሰ? ማን በላ? (በአገራችን ታሪክ ስለ ሥራ፣ ስለ መሬትና ስለ መደብ ጠብ)



በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ጤና አጠባበቅ፣ ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ስለ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ትምህርት ያገኘሁት ከሠላሳ ዓመት በላይ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ ካገላበጥኳቸው የድሮ የመሬት ግብር መዝገቦች፣ አልፎ አልፎ ካነበብኳቸው መጻሕፍትና ከታላላቆቼ አፍ ነው። በመሆኑም ይህን ጽሑፍ የምሁር ጥናት ከምትሉት የጸሐፊ ሒሳብ ብትሉት ይቀላል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ለብዙ ዘመን ጸንቶ የቆየ ሥርዓት በጥቂት ወራት ውስጥ የሚፈርሰው ለምንድን ነው? በደርግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበብ ሲካሄድ መልሱ አጭር ነበር። ካርል ማርክስ የሚባለው ጀርመናዊ እንዲህ ይላል ይሉን ነበር፤ ሰው ከሁሉ በፊት መብላት፣ መልበስ፣ መጠለል አለበት። እነዚህን የሚያገኝበት የአሠራር ዘዴ በተለወጠ ቁጥር አዲሱ አሠራር ከአሮጌው የጌታና የሎሌ ግንኙነት ጋር ይጣላል። ከጠቡም ውስጥ አዲስ ሥርዓት ይወለዳል። ትምህርቱ በግዴታ ስለሚሰጥ ብዙ ሰው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር። ዛሬ ማንም ሳያስገድደን ከአገራችን ታሪክ ጋር ብናስተያየው ግን ግማሹ እውነት ሆኖ እናገኘዋለን። የቀረው ግማሽ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ሁለቱንም በተራ ላሳያችሁ።

በሬው ሲያልቅ

በደጋው አገራችን ሰው የሚበላው ከጥንት ጀምሮ በሬ የሳበውን ማረሻ ተከትሎ የሚመጣውን እህል ነው። ንጉሡም፣ መኳንንቱም፣ ወታደሩም፣ ካህኑም የቆሙት በበሬው ጫንቃ ላይ ነበር። በሰሜኑ ክፍል ገበሬው ርስት አለው፤ ይኸውም ከአያት ከቅድመ አያት የሚወረስ የማረስ መብት ነው። በርስቱ ላይ ደግሞ ጉልት የሚባል የሌላ ሰው መብት አለ። ባለ ጉልቱ መኰንን ይሁን ገዳም ራሱ አያርስም፤ ካረሰው ላይ ግብር ይቀበላል። መሬቱ አንድ፣ በላተኛው ሁለት ማለት ነው።

በ1880 ዓ.ም. ግድም ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት ሳቢያ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ አገሩን አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ተብሎ ተጽፏል። ድርቅ፣ አንበጣና ተምችም ታከሉበት። አባቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ይኸ ነው። መሬቱ በቦታው ነበረ፣ ገበሬውም ነበረ፤ የጠፋው በሬው ነው። በሬው ሲጠፋ ግን ከላይ የተቀመጠው ሁሉ ተናጋ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሰው አርአያ እንደሆኑ ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ዘመን ወታደሩ ደመወዝ የለውም፤ በየገበሬው ቤት እየተመደበ ገብቶ ይበላ ነበር። ገበሬው ራሱ የሚበላው ሲያጣ ወታደሩ ቢዘርፍስ ምን ሊያገኝ ነው? በ1885 ዓ.ም. ግድም ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ እጅ አሥራት ለመንግሥት እንዲሰጥ፣ ወታደሩም ከዚያ ጎተራ እንዲቀለብ የታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ጦሩም ከብትና እህል ወዳለበት አገር አዘነበለ። በ1887 ዓ.ም. ከወላይታ ዘመቻ ሲመለስ ይዞት የመጣው የከብት ብዛት በጊዜው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ የጻፉት ነው። እንግዲህ የአንድ እንስሳ በሽታ የግብሩን ደንብም የጦሩን መንገድም ለወጠ ማለት ነው። ይኸ ለማርክስ አባባል ጥሩ ምስክር ይመስለኛል።

ገባርና ጌታው

ግዛቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ሲሰፋ መንግሥት ለዘመተው ወታደር የሚከፍለው ብር አልነበረውም። ስለዚህ በደመወዝ ፈንታ ሰው ሰጠው። ሹመቱ ከፍ ያለ ብዙ ገባር፣ ዝቅ ያለ ጥቂት ገባር ይመራል። ገባሩ ሁዳድ ያርሳል፤ አጥር ያጥራል፤ ቤት ይሠራል፤ እንጨትና ማር ያመጣል፤ ጌታው ሲዘምት ስንቅ ይሸከማል። ሚስቱ እህል ትፈጫለች። መሬቱም በቀላድ ተለካ። በብዙ ቦታ ለአገሩ ባላባት ሲሶው ተተወለትና የቀረው ለመንግሥት፣ ለሹማምንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ። ትናንት የራሱን መሬት ያርስ የነበረ ሰው በማግሥቱ በዚያው መሬት ላይ የሌላ ሰው ገባር ሆኖ አደረ።

ከገባር በታች ደግሞ ባሪያ ነበር። ይህን መሸሸግ አይገባንም። ባሪያ ነፃ እንዲወጣ በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። በእጁ የሚሠራውም ሰው ቢሆን የተናቀ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው ስማቸው ስድብ ነበር። ማረሻውን የሚሠራው ቀጥቃጭ ባይኖር ገበሬው በምን ያርስ ነበር? ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ እንጂ ስድቡ በአንድ ቀን አልቀረም። የሚሠራ ሰው ተንቆ የሚበላ ሰው የሚከበርበት አገር ውስጥ ጠቡ ጊዜ ይጠብቃል እንጂ አይጠፋም።

ባቡርና ብር

ከዚያ በኋላ ባቡር መጣ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የጅቡቲ መንገድ ሦስት ቀን ሆነ። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ ስላልወጣ ከሥሩ ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ በቀለች፤ የጥንቷ ሐረር የነበራት ንግድም ወደዚያ ወረደ። ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር፣ ጨርቅና ዕቃ ወደ መሀል አገር በብዛት ይመላለስ ጀመር። ቡና ቆይቶ ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ እስከ መሆን ደርሷል።

ይህ ሁሉ ለገባሩ ምን አመጣ? እህልና ማር ብቻ ይፈልግ የነበረው ጌታ ብር ይፈልግ ጀመር። መንግሥትም ዘመናዊ ጦር፣ ትምህርት ቤት፣ መንገድ ለማቆም ብር ያስፈልገዋል፤ የገባር ጉልበት ደግሞ ወደ ብር አይመነዘርም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የገባር ሥርዓት ተናግቶ ነበር። ከነፃነት በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች የጉልበት አገልግሎቱ ቀርቶ ግብሩ በብር ሆነ። ይኸ ትልቅ ለውጥ ነው፤ አባቶቻችንም በዚህ ተደስተዋል።

ዳሩ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ግብር ከፋይ ተብሎ ስሙ በመዝገብ የሰፈረው የመሬቱ ጌታ ሆነ። ስሙ ያልሰፈረው ገባር ጭሰኛ ተባለ። ገባሩ ጌታው እንደፈለገ አያስነሣውም ነበር፤ ጉልበቱ ያስፈልገዋላ! ጭሰኛውን ግን ባለ መሬቱ በፈለገ ጊዜ «ልቀቅ» ይለዋል። ውሉም አብዛኛውን ጊዜ የቃል ነው፤ ወረቀት የለውም። ወረቀት የሌለው ሰው በፍርድ ቤት ምን ይሆናል? በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

የጸሐፊ ሒሳብ

አሁን ወደ መዝገቡ ልግባ። በ1937 ዓ.ም. አዋጅ መሬት በሦስት ተመደበ፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። አንድ ጋሻ መሬት በዛሬ ልክ ወደ 40 ሔክታር ነው። ከለም ጋሻ 15 ብር የመሬት ግብርና በአሥራት ፈንታ 35 ብር፣ በድምሩ 50 ብር ይከፈላል። ከለም ጠፍ 40 ብር፣ ከጠፍ 15 ብር ነበር። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ በቀድሞ ግብራቸው ቆዩ። ኋላ የትምህርትና የጤና ግብር ተጨመረ።

አሥራቱ በብር ተተምኖ የሚከፈል ሆኖ ሳለ ብዙ ባለ መሬቶች ግን ከጭሰኛው የሚቀበሉት በእህል ነበር። ለምሳሌ ያህል በአንድ ለም ጋሻ ላይ አሥር ጭሰኞች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው 20 ኩንታል ቢያገቡ ጠቅላላው 200 ኩንታል ነው። ከአሥር አንድ እጅ 20 ኩንታል ይሆናል። ባለ መሬቱ በአሥራት ስም 20 ኩንታል ተቀብሎ ለመንግሥት 35 ብር ይከፍላል። ሃያ ኩንታል እህል በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም ገበያ ከ35 ብር እጅግ ይበልጣል። ልዩነቱ የት ገባ? ከአራሹ ወጣ፤ ለአገሩ ግን አልደረሰም።

ከዚያ ደግሞ ድርሻው አለ። እንደ አገሩ ልማድ እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ ይባላል። አንዱን ጭሰኛ ብቻ እንይ። ከ20 ኩንታሉ 2 ለአሥራት ወጣ፤ 18 ቀረ። እኩል አራሽ ከሆነ 9 ለባለ መሬቱ ይሄዳል፤ 9 ይተርፈዋል። ለዘር 2 ቢያስቀምጥ 7 ነው። በሬ ከሌለው የበሬ ኪራይ አለ፤ የበዓል መባ አለ፤ ብድር ካለ ደግሞ በአውድማው ላይ ይከፈላል። ከ20 ኩንታል ለቤተሰቡ የሚገባው አምስት ወይም ስድስት ነው ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የመሬት ኪራይ ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ሲል ነው የወሰነው። ሕጉ ሊከለክል ተነሥቶ የፈቀደው ይህን ያህል ነው!

ሌላም ነገር ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል። ጭሰኛው ማዳበሪያ ቢጨምር፣ እርከን ቢሠራ፣ ዛፍ ቢተክል የጭማሪው እኩሌታ ለሌላ ሰው ነው፤ እርሱም በማግሥቱ ሊነሣ ይችላል። ታዲያ ለምን ይደክማል? «ገበሬው ሰነፍ ነው» ይሉት የነበሩ ሰዎች ይህን ሒሳብ አላሰሉትም። ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነበር።

ትራክተሩ ሲመጣ

በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ ካዱ የሚባል የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለትንሹ ገበሬ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ምክር መስጠት። ምርቱም ጨመረ። ምርቱ ሲጨምር ግን ባለ መሬቶች አንድ ነገር አዩ። በትራክተር ቢያርሱት መሬቱ ከጭሰኛው ድርሻ የበለጠ ትርፍ ያስገኛል። ስለዚህ በብዙ ሺህ የሚቆጠር የጭሰኛ ቤተሰብ «ልቀቅ» ተባለ። ለድኻው የታሰበው ልማት ድኻውን ከመሬቱ ነቀለው። በአዋሽ ሸለቆም የጥጥና የስኳር እርሻዎች ሲስፋፉ የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውን አጥተዋል።

ተመልከቱ፤ ማርክስ ያለው ነገር በአርሲ ሜዳ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ነው። የማምረቻው ዕቃ ተለወጠ፤ የመሬቱ ሕግ ግን እንዳለ ቀረ። በሬ ጠምዶ አብሮ መኖር ይቻል የነበረውን ያህል ትራክተር መጥቶ አብሮ መኖር አልተቻለም።

ገበሬውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1952 ዓ.ም. በጌዴኦ የቡና ገበሬዎች ከባለ መሬቶች ጋር ተጋጭተው ብዙ ሰው ሞቷል። በባሌ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ ዐመፅ ነበር። በከተማ ደግሞ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ወጡ። አብዛኞቹ ማረሻ ጨብጠው የማያውቁ ልጆች ነበሩ፤ ሆኖም የጮኹት የአራሹን ጩኸት ነው።

የ1966 ዓ.ም. ነገር

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዕድሜ የገፋን ሁሉ እናስታውሰዋለን፤ ወጣቶቻችን እንዲያውቁት ግን በቅደም ተከተል ልጻፈው። በወሎና በትግሬ በረሀብ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ነገሩም ተሸፋፍኖ ቆየ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር ተነሡ። የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ መኰንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም ስላሏቸው ነው። አንድ ሰፈር፣ አንድ ሠራዊት፣ ሁለት ጉድጓድ! በየካቲት ወር የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም ተከተሉ። ከየካቲት 28 ቀን ጀምሮ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገሪቱ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አደማ አደረገ። በሚያዝያ ሙስሊም ወገኖቻችን ለሃይማኖታቸው እኩልነት ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል የኖረበት አገር ነው ይኸ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይዝ፣ ጭሰኝነትም ፈጽሞ እንዲቀር ታወጀ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፤ የቤት ኪራይ ቀነሰ። ያን ጊዜ ከየጎጆው የተሰማው እልልታ በካድሬ ትእዛዝ የመጣ አልነበረም፤ የልብ ነበር። ለእውነት ሲባል ይህ መጻፍ አለበት።

የቀረው ግማሽ

እስከዚህ ድረስ የማርክስ አባባል ብዙ ነገር አስረድቶናል። ሁሉንም ያስረዳል ወይ? አያስረዳም። ሦስት ምክንያት ላቅርብ።

አንደኛ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጌታውም ሎሌውም፣ ስንቅ ተሸካሚውም አንድ ላይ ነው የዋሉት። ስንቅ ተሸካሚው ጌታውን ትቶ ቢሸሽ ለሆዱ ይሻለው ነበር። አልሸሸም። ሰው ከሆዱ ሌላ አገር አለው፤ ሃይማኖት አለው፤ ክብር አለው። ይህን ከሒሳብ ውስጥ ያወጣ ሰው ድምሩ ይሳሳታል።

ሁለተኛ፣ በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በጎጃም ዐመፅ ተነሣ። የተነሡት ጭሰኞች አልነበሩም፤ ባለ ርስት ገበሬዎች ናቸው። መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብለው ነው የሰጉት። መንግሥትም ውዝፉን ግብር ምሮ አበረዳቸው። አንድ ዓይነት በሬ፣ አንድ ዓይነት ማረሻ ይዘው የሰሜኑና የደቡቡ ገበሬ የተለያየ ነገር ፈለጉ። ስለዚህ መደብ የሚባለውን ነገር ከየአገሩ ታሪክ ጋር እንጂ ከመጽሐፍ ላይ ገልብጦ ማንበብ አይቻልም።

ሦስተኛና ዋናው፣ ባለ መሬቱ ሲጠፋ በላተኛው አልጠፋም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያ ባነሰ ዋጋ በኮታ እህል ይወስድ ጀመር፤ ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ ገዝቶ የሞላበት ጊዜ ነበር። የራሱን እህል በርካሽ ሸጦ የሌላውን በውድ ይገዛል ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ብዙ ሕዝብ ረገፈ። መንደር ምሥረታ ተባለና ሰው ከቀዬው ተነሣ። መሬት የሕዝብ ነው የተባለው እውነት ሆኖ ሳለ በሕዝብ ስም ቁልፉን የያዘው ሌላ ሰው ነበር። በከተማም ትልቁ ባለ ርስትና ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ መበለት በአንድ ስም «በዝባዥ» ተብለዋል። በክርክር ማሸነፍ ሲገባ በጥይት የተጨረሰውን ወጣትማ ሁላችንም አልቅሰን ቀብረናል፤ ያልቀበርነውም ብዙ ነው። ይህን ከእድርተኛ የበለጠ ማን ያውቃል? በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲል ገበሬው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራቱን ማንም ሳያዘው በጥቂት ጊዜ ውስጥ አፈረሳቸው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ። እንግዲህ አንድ መደብ ጥፋ ተብሎ በአዋጅ ስለጠፋ ግፍ አይጠፋም። ማን አረሰ፣ ማን በላ የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ መንግሥት እንደ አዲስ ይቀርባል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። በከተማ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሊዝ መጣ። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲነገር የዙሪያዋ ገበሬ መሬቴን ላጣ ነው ብሎ ተነሣ፤ ከዚያ የተነሣው ተቃውሞ የአገሪቱን መሪዎች እስከ መለወጥ ደረሰ። ጥያቄው አሁንም ያው የመሬት ነው።

እድራችንስ?

«ይኸ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ምናችን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በገጠር ሰው ሲሞት ጎረቤት ሁሉ ዶማውን ይዞ ይወጣል፤ እህሉንም እንጀራውንም ይዞ ይመጣል። የዕለቱ ሥራ የራሱ ነው፤ ቢተወው ጌታ የለበትም። ወደ ከተማ መጥቶ በደመወዝ ያደረ ሰው ግን ጊዜው የአሠሪው ነው፤ ጎረቤቱም ከሌላ አገር የመጣ፣ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ነው። በዚህ የተነሣ በየወሩ ጥቂት ብር አዋጥቶ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ገዝቶ፣ ደንብ ጽፎ፣ ጡሩምባ ነፊ ቀጥሮ መረዳዳት ግድ ሆነ። እድር በአዲስ አበባ እንዲህ የተስፋፋው ያለ ምክንያት አይደለም። የደመወዝ ኑሮ ልጅ ነው። የኑሮ ዘዴ ሲለወጥ ኅብረቱም መልኩን ይለውጣል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የኑሮው ዘዴ እንደገና እየተለወጠ ነው። ከ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ጀምሮ ብዙ አባሎቻችን ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ነባር ሰፈሮች ሲነሡ እድሮችም አብረው ተበትነዋል። በሰፈራችን የቀሩትም አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። አንዱ ፎቅ አለው፣ አንዷ ጉልት ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ አንዱ የቀን ሠራተኛ ነው።

በደንባችን ቀብር ያልወጣ አባል መቅጫ ይከፍላል። ባለፉት ዓመታት የምናየው ምንድን ነው? ያለው ሰው መቅጫውን ከፍሎ ይቀራል፤ የሌለው ሰው ግን መቅጫውን ስለሚፈራ የቀን ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ይሸከማል። አንዱ በብር፣ ሌላው በጉልበት ይገብራል። ይኸ ነገር ከላይ የጻፍኩትን የገባር ታሪክ አያስታውሳችሁም ወይ? ትንሽ ነው፤ ግን ዘሩ ያው ነው።

በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ወርኃዊው መዋጮ ከፍ እንዲል፣ ሦስት ወር ያልከፈለ አባል እንዲሰረዝ ሐሳብ ይቀርባል ተብሏል። ዕቃ እንደተወደደ ዐውቃለሁ፤ የገንዘብ ያዣችን ጭንቀትም ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ደንብ እንደቀረበ ቢጸድቅ የሚሰረዘው ማነው? ዘወትር ቀብር የሚወጣው፣ ወንበር የሚሸከመው፣ ሌሊት አብሮ የሚያድረው ድኻው ነው። የሚቀረው ደግሞ ብር ከፍሎ የማይመጣው ነው። እንዲህ ከሆነ ካዝናው ይሞላ ይሆናል፤ አስከሬኑን የሚሸከም ትከሻ ግን አይገኝም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ የመዋጮው ጭማሪ እንደ አቅም ይሁን፤ የሚችል ይጨምር፣ የማይችል በቀድሞው ይቆይ። ሁለተኛ፣ በቀብርና በለቅሶ በጉልበቱ ያገለገለ አባል አገልግሎቱ በመዝገብ ተጽፎ በመዋጮው ይታሰብለት። መዝገቡን ያለ ክፍያ ልይዝ እችላለሁ፤ የለመድኩት ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ከሰፈር ተነሥተው የሄዱ አባሎቻችን ስማቸው አይሰረዝ፤ በየደረሱበት አምስት ስድስት ሆነው አንድ ተጠሪ ይምረጡና መዋጮአቸውን በእርሱ በኩል ይላኩ፤ ሞት ሲያገኛቸውም ድንኳናችን እዚያው ድረስ ይሂድላቸው።

ትልቁን ሥርዓት የሚለውጠው ብዙ ነገር ነው፤ በሬም ነው፣ ባቡርም ነው፣ ትራክተርም ነው፣ የተገፋ ሰው ቁጣም ነው። የእድራችንን ሥርዓት ግን እኛው እጅ በማውጣት እንወስነዋለን። እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ማን እንደሸከመና ማን እንደተሸከመ እንቁጠር።

ያለፉትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን። ለጠቅላላ ጉባኤው በሰላም ያድርሰን።